በሞተር ሲሄዱ ጃኬቱ ለምን አያሞቅም? ለሐረርና ድሬ ሞተረኞች

ታኅሣሥና ጥር ላይ ማለዳ 12 ሰዓት ከሐረር በሞተር ተነስቶ ወደ ድሬ ለሚወርድ ሰው ብርዱ አይጣል ነው። ሐረር 1,880 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አወዳይን አልፋችሁ ሐረማያ ስትደርሱ 2,000 ሜትር አካባቢ ትሆናላችሁ። ከዚያ በደንገጎ ቁልቁለት 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ድሬ ትወርዳላችሁ። ብዙ ሰው ለዚህ መንገድ ገበያ ሲወጣ ያገኘውን ወፍራም ጃኬት ያነሳል። እኔ ግን ከውፍረቱ በፊት ንፋስ ያስገባል ወይ ብላችሁ ጠይቁ እላለሁ።

ወፍራም ለብሼም ደረቴን ይበርደኛል

ምክንያቱ ንፋስ ነው። ሹራብ የሚያሞቀው በክሮቹ መካከል የሞቀ አየር ስለሚይዝ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ንፋሱ ያንን አየር ጠርጎ ያወጣዋል። በዚህ ፍጥነት 10 ዲግሪ የሆነ አየር ያልተሸፈነ ቆዳ ላይ 5 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይሰማል። 5 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ ከዜሮ በታች 2 ገደማ።

ስትገዙ እዚያው ሞክሩት። ጨርቁን አፋችሁ ላይ ጥብቅ አድርጋችሁ እፍ በሉበት፤ መዳፋችሁን በሌላው በኩል አድርጉ። ትንፋሹ መዳፋችሁ ላይ ከተሰማችሁ ያ ጃኬት ለሞተር አይሆንም። ቀጥሎ ዚፑን እዩ። ንፋስ በዚፕ ጥርሶች መሃል ይገባል፤ ስለዚህ ከዚፑ ሥር ወይም በላዩ ላይ የሚሸፍን ጨርቅ ይኑረው።

ንፋስ የሚያስገባ ወፍራም ጃኬት ቀድሞ ካላችሁ አትጣሉት። ሰፋ ያለ ስስ የዝናብ ጃኬት ከላዩ ደርቡበት። ከሥር ሳይሆን ከላይ! መንገድ ላይ ብርዱ ከባሰባችሁ ጋዜጣ አጥፋችሁ ደረታችሁና ጃኬቱ መሃል አስገቡ። የድሮ ሞተረኞች ዘዴ ነው፤ ይሠራል።

ጣቴ ይደነዝዛል

ጓንት ብቻ አይበቃም። ደረት ሲበርደው ሰውነት ሙቀቱን ለልብና ለሳንባ ለማቆየት ወደ እጅና እግር የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። መጀመሪያ ደረታችሁን አሙቁ። ይህን ችላ አትበሉ፤ የደነዘዘ ጣት ፍሬንና ፍሪሲዮን ለመያዝ ይዘገያል።

አንጓዬና ወገቤ ይጋለጣል

ጃኬቱን ቆማችሁ ስለለካችሁት ነው። ሞተር ላይ ተቀምጣችሁ መሪ ስትይዙ እጅጌው ወደ ክርን፣ ጀርባው ወደ ላይ ይሸሻል። ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጡና እጃችሁን እንደ መሪ ዘርጉ። አንጓችሁ ከታየ አንድ ቁጥር ጨምሩ። ከሥሩ አንድ ሹራብ የሚያስገባ ቦታም ይኑረው፤ ጠባብ ጃኬት ስፖንጁን ጨፍልቆ ሙቀቱን ይቀንሰዋል።

አንገቴ ይበርደኛል

ኮሌታው ቆሞ እስከ አገጭ የሚዘጋ ይሁን። ካልሆነ ሻርፕ ጠምጥሙ፤ ጫፉን ግን ጃኬቱ ውስጥ ክተቱት። ሲንጠለጠል ጎማ ሊይዘው ይችላል።

የቆዳ ጃኬት ነው፣ ግን አያሞቅም

ቆዳ ንፋስ ይከለክላል፤ ራሱ ግን አያሞቅም። ገበር ወይም ሹራብ ይፈልጋል።

ድሬ ስገባ በላብ እጠመቃለሁ፣ ማታ ስመለስ ያንቀጠቅጠኛል

በዚህ መንገድ ላይ በጣም የሚያስቸግረው ይሄ ነው። ቀን በላብ የራሰው የጥጥ ካናቴራ ሳይደርቅ ማታ ደንገጎን ስትወጡ ሰውነታችሁ ላይ ይቀዘቅዛል። ገበሩ የሚወልቅ ጃኬት ምረጡ። ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ቆም በሉና ገበሩን አውጡ። ደረቅ ካናቴራ ቦርሳ ውስጥ ይዛችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ቀይሩ።

ስለ ሰልባጅ አንድ ነገር ልጨምር። ታይዋንም ሆነ ሸዋ በር ገበያ ስትዞሩ ለበረዶ ስፖርት የተሰራ ጃኬት ካገኛችሁ አትለፉት። አብዛኛው ንፋስ አያስገባም፣ ዋጋውም ከአዲስ ጃኬት ይሻላል። ግን ስትወድቁ አስፋልት ላይ ቶሎ ይቀደዳል። ትከሻውና ክርኑ ላይ መከላከያ ያለው እውነተኛ የሞተር ጃኬት ካገኛችሁና ኪሳችሁ ከቻለ ያንን ውሰዱ። የዚፕ ብልሽት አያስፈራችሁ፤ ልብስ ሰፊ ይቀይረዋል። ቀለሙ ጥቁር ከሆነ እግረ መንገዳችሁን ጀርባው ላይ የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ አሰፉበት፣ ማታ ከኋላ የሚመጣ ከባድ መኪና ከሩቅ እንዲያያችሁ።