በጓሮ ኩሬ የተንሳፋፊ እፅዋትን ፉክክር እንዴት እናጠናለን?

እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ፣ ደምቢያ ብትሄዱ ስለ ውሃ አረም የራሱ አስተያየት የሌለው ሰው አታገኙም። አንዱ ያስፋፋው ማዳበሪያ ነው ይላል፣ ሌላው ደለል። ሐይቁ ላይ ነፋሱም ጎርፉም አብረው ስለሚሠሩ የቱ ምን እንዳደረገ መለየት ያስቸግራል። ተመራማሪዎች ደጅ ላይ ትንንሽ ኩሬ የሚያበጁት ለዚህ ነው። ጎንደር ውስጥ ጓሮ ያለው መምህር ወይም ተማሪም ይችላል።

ጥያቄያችሁ ጠባብ ይሁን። ለምሳሌ ሌምናና አዞላ አንድ ውሃ ላይ ቢቀመጡ ዩሪያ አሸናፊውን ይቀይራል? ሌምና ቅጠሏ ምስር የምታክል ተንሳፋፊ ናት። አዞላ ደግሞ ትንሽ ተንሳፋፊ ፈርን ነው፤ ቅጠሉ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ናይትሮጅን ከአየር ስቦ ይሰጠዋል። ናይትሮጅን ሲያንስ ማን እንደሚጠቀም ከወዲሁ መገመት ትችላላችሁ።

እምቦጭን ራሱን ግን በፍጹም እንዳታመጡ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ቀሃም አንገረብም ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ነው የሚሄዱት።

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ጀምሩ፤ ዝናብ ውሃውን እያፈሰሰ ልፋታችሁን ገደል ይከተዋል። መጠናቸውም ቀለማቸውም አንድ የሆነ 12 ባለ 50 ሊትር ሳፋ ግዙ። የዛፍና የግድግዳ ጥላ የማይደርስበት ቦታ ላይ ግማሽ ድረስ ቅበሯቸው። የጎንደር ቀን ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ አፈሩ የውሃውን ሙቀት ያረጋጋል። ከአንድ ቦታ የመጣ፣ በደንብ የተደባለቀ አፈር በእኩል መጠን ጨምሩ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ሁለት ቀን ክፍት ይደር።

እፅዋቱን ከኩሬ ስትለቅሙ ጓንትና ቦቲ አይረሳ፤ ቢልሃርዚያ አለ። ቀንድ አውጣ እንዳይኖርባቸው እጠቧቸው። ለእያንዳንዱ ሳፋ ከሁለቱም 10፣ 10 ግራም መዝናችሁ አስገቡ።

አሁን ዕጣ አውጡ። ስድስቱ ዩሪያ ያገኛሉ፣ ስድስቱ አያገኙም። በዓይን መምረጥ አይቻልም፤ ሰው ሳያስበው ጥሩውን ቦታ ለሚወደው ይሰጣል። አንድ አንድ ሳፋ ብቻ ማወዳደርም ዋጋ የለውም፣ ልዩነቱ ከዩሪያው ይሁን ከአጋጣሚ አይታወቅማ። 10 ግራም ዩሪያ በአንድ ሊትር ውሃ አሟሙና ለእያንዳንዱ 50 ሚሊ ሊትር በስሪንጅ ስጡ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ ሳፋው 50 ሊትር ውሃ ከያዘ በሊትር 4.6 ሚሊግራም ናይትሮጅን ይደርሳል ማለት ነው። ሁሉንም ሳፋ በአጎበር አጥብቃችሁ ሸፍኑ፤ የወባ ትንኝ ማራባት አንፈልግም።

በየሳምንቱ ክር በክር የተጠላለፈ፣ 100 መገናኛ ያለው የእንጨት ፍሬም ሳፋው ላይ ጣሉ። ስንቱ መገናኛ ሌምና ላይ፣ ስንቱ አዞላ ላይ እንዳረፈ ቁጠሩ፤ ቁጥሩ በቀጥታ በመቶኛ ሽፋኑ ነው። ፎቶም አንሱ። የኦክስጅን መለኪያ መዋስ ከቻላችሁ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ለኩ፤ ሌሊቱን ሁሉም ሲተነፍስ ስላደረ ኦክስጅን ዝቅ የሚለው ያኔ ነው። የተነነውን ውሃ መጀመሪያ እስከነበረበት ከፍታ ሙሉ።

ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ሁለቱን ለዩና ክብደታቸው መቀነስ እስኪያቆም አድርቃችሁ መዝኑ። እርጥብ ክብደት ያታልላል፣ የተጣበቀው ጠብታም አብሮ ይመዘናል። የተረፈውን ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ ቅበሩ፤ ውሃውን ከወንዝ ርቆ ያለ ደረቅ መሬት ላይ ድፉት።