የሳንባ ደም መርጋት ታማሚ ቤት ሲገባ የምንሳሳታቸው ነገሮች

እህቴ በወለደች በሦስተኛው ሳምንት ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለና ሆስፒታል ገባች። እግሯ ላይ የረጋ ደም ተነቅሎ ሳንባዋ ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። ከ9 ቀን በኋላ ደሴ ቤታችን ስትመለስ ጎረቤቱ ሁሉ «አብሽሪ፣ ድነሻል» እያለ ተቀበላት።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው፤ ከሆስፒታል መውጣትን እንደ መዳን መቁጠር። ደም ማቅጠኛ የምንለው ዋርፋሪን የረጋውን ደም አያሟሟም። እንዳይጨምርና አዲስ እንዳይረጋ ይይዘዋል እንጂ ማሟሟቱን ቀስ በቀስ የሚሠራው ሰውነት ራሱ ነው። ቢያንስ 3 ወር የሚወሰደውም ለዚህ ነው። ትንፋሽ ተመለሰ ብሎ በራስ ፈቃድ ማቆም ሕመሙን መልሶ መጥራት ነው።

ሁለተኛው ኪኒኑን በግምት መዋጥ። ለእህቴ የታዘዘላት የ5 ሚሊግራሙ ግማሽ ነበር። እናታችን በሽንኩርት ቢላዋ ስትከፍለው አንዱ ወገን ይተልቃል፣ ሌላው ይፈረፈራል። ኋላ ላይ መሃሉ ላይ ያለውን መስመር ይዘን በሁለት አውራ ጣት መስበር ለመድን። በዋጠች ቁጥር ግድግዳው ላይ ያለው ቀን መቁጠሪያ ላይ ትሰርዛለች። የተረሳ ኪኒን በዚያው ቀን ከታወሰ ይዋጣል፤ ካደረ ግን በማግስቱ ደርቦ መዋጥ አይገባም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ አይኤንአር የሚባለውን የደም ምርመራ መዝለል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይፈለጋል፤ ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ይፈሳል። ስሜት ደግሞ ይህን አይነግርም። ከወሎዎቹ ደላንታ ወይም ቦረና ደሴ ድረስ ለአንድ ጠብታ ደም መመላለስ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ስለዚህ ከሆስፒታል ሳትወጡ በቅርባችሁ የት እንደሚመረመር ጠይቁ።

ያበጠውን እግሯን በቅቤ ሊያሹ ወጌሻ የተጠሩ ዕለት በር ላይ ቆሜ «እትዬ፣ በፈጠራችሁ ይቅር» ብዬ ለመንኩ። ደም የረጋበት እግር ሲታሽ የረጋው ሊነቀል ይችላል። ዋግምትም እንዲሁ፤ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ቆዳው ከተበጣ ደሙ በቶሎ አይቆምም። ለራስ ምታት ብሎ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን ከሱቅ ገዝቶ መዋጥም ያደማል፤ ሐኪም ወይም ፋርማሲ ሳይጠየቅ አይሆንም።

ጎመን የዋርፋሪንን ኃይል ስለሚቀንስ ጨርሶ ክልክል ነው የሚሉ አሉ። አይደለም፤ መጠኑ ሳይዋዥቅ መብላት ነው። ጾም ሲገባ ጎመን የሚበዛ ከሆነ ለሐኪሙ መንገር ይበቃል።

«አራስ ናት፣ ትተኛ» የሚለው ፍቅር ቢሆንም ጎድቶናል። ሐኪሟ እንደፈቀደላት መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ከዚያ እስከ ጎረቤት ተራመደች። በደሴ አቀበት ለሳምንታት ቶሎ መድከም ያለ ነው፤ እያረፉ መውጣት። ጡት ማስጣልም አያስፈልግም፤ ዋርፋሪን እየወሰዱ ማጥባት ይቻላል። ጽንስን ግን ይጎዳል። ኤስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ ደግሞ ደም ያረጋልና የትኛው እንደሚስማማ ከሐኪም ጋር ይመከርበት።

በራችን ላይ የተለጠፈው ወረቀት እስካሁን አለ፦ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ ደም የቀላቀለ ሳል፣ ራስን መሳት፣ ጥቁር ሰገራ፣ አልቆም ያለ ደም፣ ጭንቅላትን መመታት። ከነዚህ አንዱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን መኪና ይፈለጋል።