ሮቶው ሙሉ፣ ቧንቧው ክር

ክረምቱ ሲወጣ አዲስ አበባ ያለው ቤታችን የኩሽና ቧንቧ ቀጠነ። ሮቶው ግን ሙሉ ነው። ሥሩ ያለውን ቧንቧ ስከፍተው ይንፎለፎላል። እንግዲያው የተዘጋው መሀል ላይ ነው።

የቧንቧውን አፍ ወንፊት ፈታሁት፤ በደቃቅ አሸዋ ተደፍኗል። የሻወሩም እንዲሁ። መስመር ሲሰበር የሚገባው ደለል ሮቶው ታች ይዘቅጥና ቀስ እያለ ይወርዳል። ወንፊት ብቻ አጥቦ መመለስ ብዙም አያራምድ።

መጀመሪያ የማሞቂያውን ኤሌክትሪክ አጠፋሁ፤ ውኃ ካለቀበት በባዶው ይቃጠላል። የሮቶውን መግቢያ ዘግተን ውኃውን ለልብስና ለአትክልት ጨረስነው። በፈረቃ የሚመጣ ውኃ መድፋት ያንገበግባላ! የቀረውን ከነጭቃው በማፍሰሻው ለቀቅኩት። ውስጡን እጀታው ረዥም በሆነ ብሩሽና በረኪና በተበጠበጠ ውኃ አሽቼ አለቀለቅሁ። ሰው ግን ውስጡ አይግባ።

ወንፊቶቹን ሳልመልስ ሁሉንም ቧንቧ ከፍቼ ጥርት እስኪል አፈሰስኩ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፤ መስመር ውስጥ የቀረው አሸዋ መልሶ ይደፍናል። ነጭ ቅርፊት የያዘውን የሻወር ራስ አቼቶ ውስጥ አሳደርኩት። አቼቶና በረኪና ግን አይገናኙ፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራሉ።

አሁን የሮቶው መግቢያ ላይ ማጣሪያ አስገጥሜያለሁ። ግንቦትና መስከረም ላይ ይታጠባል።