ከቀይዋ የስዊስ ሰንጢ ሌላ ምን አለ? ለኪሳችሁ የሚሆነውን መሣሪያ እንዲህ ምረጡ

ዳላስ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለገና ሊመጣ ሲል ደወለልኝ። «ምን ላምጣልህ?» አለኝ። እኔም ቶሎ ብዬ «ያቺን ቀይ የስዊስ ሰንጢ፣ የኔዋ አርጅታለች» አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ቀይዋ ሰንጢ ኪሴ ውስጥ 12 ዓመት ኖራለች። ሥራዬ ዲሽ መግጠም፣ የኢንተርኔት መስመር መዘርጋት፣ ቢሮ ለቢሮ እየዞርኩ የተበላሸ ሶኬት መቀየር ነው። ታዲያ ውስጧ ከታጠፈው ሁሉ በእውነት የምጠቀመው የትኛውን ነው? መልሼ ደወልኩና «አንድ ሳምንት ስጠኝ፣ አስቤ እነግርሃለሁ» አልኩት።

እናንተም ከዚህ ጀምሩ። ምንም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሳምንት መዝግቡ። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ክፈቱና መሣሪያ በፈለጋችሁ ቁጥር አንድ መስመር ጻፉ። ያወጣችሁትን ብቻ ሳይሆን የጎደላችሁንም ጻፉ። ዋናው የጎደለው ነው። «ፒንሳ ፍለጋ ከመሰላል ወረድኩ» የሚለው መስመር «ካርቶን ከፈትኩ» ከሚለው አሥር መስመር ይበልጣል።

የኔ ሳምንት እንዲህ ወጣ። ስታር ካቻቢቴ በየቀኑ፣ አንዳንዴ በቀን አሥር ጊዜ። ፒንሳም በየቀኑ፤ ቀይዋ ግን ፒንሳ የላትም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ ቦርሳ መመለስ ነው። መቀስ ሦስት ጊዜ። ስለቱ አራት ጊዜ፣ እሱም የኬብል ልጣጭና ካርቶን። ወስፌዋ አንዴ። የወይን ቡሽ መንቀያውን ግን ሥራ ላይ ነክቼው አላውቅም። አንድ ያላሰብኩት ነገር ደግሞ ወጣ፤ ፍተሻ። ከአምስቱ የሥራ ቀን በአራቱ ፍተሻ ያለበት በር አልፌያለሁ፤ ባንክ፣ ሆቴል፣ መሥሪያ ቤት። ሁለቱ ጋ ሰንጢዋን በር ላይ አስቀምጬ ነው የገባሁት። ሥራው ያለው አምስተኛ ፎቅ፣ መሣሪያዬ ያለው በር ላይ።

እነዚህ መሣሪያዎች ራሳቸው የተወለዱት በዚሁ መንገድ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1884 ካርል ኤልስነር ስዊዘርላንድ ውስጥ ኢባክ በምትባል ቦታ የቢላ መሥሪያ ከፈተ። በ1891 ለስዊስ ጦር የመጀመሪያዎቹን የወታደር ሰንጢዎች አስረከበ። የያዙት አራት ነገር ብቻ ነበር፤ ስለት፣ ወስፌ፣ ጣሳ መክፈቻና ካቻቢቴ። ጣሳ መክፈቻው ለወታደሩ ምግብ፣ ካቻቢቴው ጦሩ ያኔ የታጠቀውን አዲስ ጠመንጃ ለመፍታት። የወታደሩን ውሎ አይተው ነው የሠሩት። ትንሿን ስለትና ቡሽ መንቀያውን የጨመረችው በ1897 የመጣችው የመኮንኖች ሰንጢ ናት፤ እኛ የምናውቃት ቀይዋ የዚያች ልጅ ናት። ከዚያ በ1975 ቲም ሌዘርማን የሚባል አሜሪካዊ ከባለቤቱ ጋር በአሮጌ ፊያት አውሮፓን ይዞራል። መኪናዋ እየተበላሸች፣ የሆቴሉ ቧንቧ እያፈሰሰ፣ ኪሱ ውስጥ ያለችው ሰንጢ ደግሞ ፒንሳ የላትም። የጎደለውን ያዘና አገሩ ኦሪገን ገብቶ ሠራው። ለገበያ የበቃው ግን በ1983 ነው።

እንግዲህ ምዝገባችሁን ይዛችሁ ወደ ምርጫው ግቡ።

ፒንሳ ከጎደላችሁ

እዚህ ላይ ስሙ የገነነው ሌዘርማን ዌቭ ፕላስ ነው። 18 መሣሪያ አለው፣ ሲታጠፍ 10 ሴንቲሜትር ነው፣ 241 ግራም ይመዝናል። ክብደቱን ልብ በሉ። ሩብ ኪሎ ስኳር ኪሳችሁ ውስጥ ከታችሁ አንድ ቀን ዋሉና እዩት። ሱሪ ይጎትታል፣ ስትቀመጡ ጭን ይወጋል። ስለዚህ ቀበቶ ላይ በመያዣው ካልታሰረ አትግዙት። የሥራ ባልደረባዬ አለው። ትልቁ ጥቅሙ ስለቱና መጋዙ ፒንሳውን ሳትዘረጉ ከውጭ በአንድ እጅ መከፈታቸው ነው፤ መሰላል ላይ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ የሚሠራ ሰው ይህንን ያውቀዋል። የሽቦ መቁረጫው ደግሞ ሲደንዝ ተፈትቶ ይቀየራል። ጉድለቱ የካቻቢቴ ጫፎቹ ናቸው። ጠፍጣፋና የራሱ ቅርጽ ስለሆኑ ከሱቅ የምትገዙት ተራ ቢት (ተነቃይ የካቻቢቴ ጫፍ) ያለ ማራዘሚያው አይገባለትም።

ያንን ያህል መሸከም የማይፈልግ ሰው የዚያኑ የሌዘርማንን ስኬልቶል ይይ። 142 ግራም፣ ሰባት መሣሪያ። ፒንሳ፣ ስለት፣ ካቻቢቴ፣ ጠርሙስ መክፈቻ፤ መቀስ የለውም። በኔ እምነት ለብዙ ሰው ከዌቭ ይሻላል፣ ምክንያቱም ቤት የተተወ 18 መሣሪያ ኪስ ውስጥ ካለ ሰባት አይበልጥም። የቀይዋ አምራች ቪክቶሪኖክስም ስዊስቱል ስፒሪት የሚባል ባለ ፒንሳ አለው። አጨራረሱ ያምራል፣ እጅ አይቧጭርም፣ መቀሱም እንደ ቀይዋ መቀስ ጥሩ ነው። ውድ ነው እንጂ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ልበላችሁ። የነዚህ ሁሉ መያዣ ብረት ነው። የፕላስቲክ ጌጥ ቢኖረውም መከላከያ አይደለም። 220 ቮልት ያለበት ሶኬት ውስጥ እንዳታስገቧቸው። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ፣ በቴስተር አረጋግጡ፣ ከዚያ ንኩ። ለመብራት ሥራ 1000 ቮልት የሚል ምልክት ያለበት፣ መያዣው የተሸፈነ ፒንሳና ካቻቢቴ ለብቻው ይገዛል።

ፍተሻ ከበዛባችሁ

ሰንጢ እኛ አገር ስሙም ጥሩ አይደለም። ጥበቃው «ሰንጢ ነው?» ሲል ድምፁ ይቀየራል፤ አልፈርድበትም፣ ሥራው ነው። ውጭ አገርም ቢሆን ሕጉ ጠበቅ ያለ ነው። ለንደን ያላችሁ ለምሳሌ፣ ያለ ምክንያት ይዛችሁ መንገድ ላይ መውጣት የምትችሉት ስለቱ ከ7.62 ሴንቲሜትር የማይበልጥና የማይቆለፍ ሰንጢ ብቻ ነው። ዌቭም ስኬልቶልም ስለታቸው ይቆለፋል፤ ስለዚህ የሥራ ምክንያት ከሌላችሁ ቤት ይቆዩ። የቪክቶሪኖክስ ኃላፊ ራሳቸው በ2024 ስለት የሌላቸው የኪስ መሣሪያዎች እየሠሩ መሆኑን የተናገሩት በዚሁ በየአገሩ በጠበቀው ሕግ የተነሳ ነው።

ስለት አልባ የሆነ ነገር ገበያ ላይ አለ። ሌዘርማን ስታይል ፒኤስ 45 ግራም ብቻ ናት። ትንሽ ፒንሳ፣ መቀስ፣ ካቻቢቴ፣ ወረንጦ። ቁልፍ ላይ ትንጠለጠላለች። መቀሷ ብቻውን የስለቱን ሥራ ግማሽ ይሸፍናል፤ ቴፕ፣ ፌስታል፣ የኬብል ማሰሪያ ፕላስቲክ። ፒንሳዋ ግን ትንሽ ነው። ትንሽ ነገር ይነቅላል እንጂ የጠበቀ ብሎን አይፈታም። ለቢሮ ሰው፣ ለእናቶች ቦርሳ፣ ለተማሪ በጣም እመክራታለሁ።

ሁሉን በአንድ መፈለግ ካልጠቀማችሁ

እኔን የያዘኝ ይኼኛው ነው። ለምን ሁሉም ነገር በአንድ መያዣ ውስጥ መታጠፍ አለበት? ክኒፔክስ የሚባለው የጀርመን ፒንሳ ሠሪ ኮብራ ኤክስኤስ የምትባል 10 ሴንቲሜትር የሆነች ፒንሳ አላት። ከ70 ግራም በታች ናት፣ ግን አፏ እስከ 28 ሚሊሜትር ቧንቧ ይይዛል። የዲሽ ሥራ የምታውቁ ትረዱኛላችሁ። ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ) ላይ የሚጠብቀው የኬብል ኮኔክተር ጀርባው 11 ሚሊሜትር ነው። በተለመደው ባለ ሹል ፒንሳ ሲያዝ ያንሸራትታል፣ ማዕዘኑን ይበላዋል፣ ከዚያ ዝናብ ሲመጣ ውሃ ይገባና ደንበኛው «ሥዕሉ ተቆራረጠ» ብሎ ይደውላል። ኮብራዋ በግፊቱ ራሷ ነክሳ ትይዛለች። ጥርሶቿ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚነክሱ የምትዞሩበትን አቅጣጫ ብቻ ማወቅ ነው።

ከሷ ጋር አጭር የቢት ካቻቢቴ ጨምሩ። ቢቱ የተለመደው ባለ ስድስት ማዕዘን፣ 6.35 ሚሊሜትር የሚባለው ይሁን፤ ሲደንዝ የትም ሱቅ ሌላ ታገኛላችሁ። የምትቆርጡት ካለ መቀስ ያዙ። ስለት የግድ ከሆነባችሁ የቪክቶሪኖክስ ትንሿ ቀይ ክላሲክ አለች፤ 58 ሚሊሜትር፣ 21 ግራም፣ የቁልፍ ማንጠልጠያ ናት። አንዱ ሲጠፋ ወይም በር ላይ ሲያዝ ሌላው ኪሳችሁ ውስጥ መቅረቱም ቀላል ነገር አይደለም።

እጃችሁ ላይ ይዛችሁ ፈትሹ

ርካሽ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ከቻይናዎቹ ኔክስቱልና ሮክሰን በራሳቸው ስም የሚሠሩት ደህና ነገር ነው። የሚጎዳው የሌላ ስም የተለጠፈበት ኮፒው ነው። ከዓመታት በፊት ምናለሽ ተራ ከአንድ ሱቅ «ኦሪጅናል ነው» ተብዬ ባለ ፒንሳ ገዛሁ። በሁለተኛው ሳምንት ግድግዳ ላይ የተመታ የኬብል ክሊፕ ስነቅል የፒንሳው አፍ ተሰበረና ስባሪው ቅንድቤን ነካኝ። ከዓይኔ በጣት ውፍረት ነበር የራቀው። ከዚያ ወዲህ ሳልፈትሽ አልገዛም።

እንዲህ አድርጉ። ፒንሳውን ግጠሙና ወደ ብርሃን አንሱት። ጫፉ ላይ መገጠም አለበት፤ መሐሉ ገጥሞ ጫፉ ብርሃን ካሳለፈ ተዉት። ከዚያ ፌስታል ቅደዱና ጫፉን በፒንሳው ይዛችሁ ሳቡ። ሹልክ ካለ ሽቦም ይለቃል። መያዣውን ጠበቅ አድርጋችሁ ጨብጡት፣ ከታጠፈ ወይም ከተንሻፈፈ መልሱት። ኪሳችሁ ውስጥ ሁለት ብሎን ይዛችሁ ሂዱ፣ ካቻቢቴው ውስጣቸው በልኩ መቀመጡን እዩ። ስለቱን ክፈቱና ጀርባውን በአውራ ጣት ግራና ቀኝ ግፉት፤ መወዛወዝ የለበትም። ማጠፊያው ላይ ያለው ብሎን የሚፈታ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፣ ሲላላ ታጠብቁታላችሁ። የተቀጠቀጠ ከሆነ ግን እንደላላ ይቀራል።

ሲከፈቱ ስለማይቆለፉ ስለቶችም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቀይዋ ላይ ስለቱን የሚይዘው ምላጭ መሰል ስፕሪንግ ብቻ ነው። ወደ ታች ስትቆርጡ ምንም አይልም። በጫፉ ስትወጉበት ግን ይታጠፋል። እኔ የኬብል ማስገቢያ ቀዳዳ ላሰፋ ፕላስቲኩን በጫፉ ወጋሁት፤ ስለቱ ጣቴ ላይ ተዘጋ። አመልካች ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ አሁንም ብርድ ሲሆን ይሰማኛል። ለመውጋት ወስፌ አለ። ስለት ለመቁረጥ ብቻ።

ስለ ጥገናው ብዙ አልልም። አቧራና አሸዋ ሲገባበት በሙቅ ውሃ እየከፈታችሁ እየዘጋችሁ እጠቡት፣ በደንብ አድርቁት፣ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት። የምግብ ዘይት አታድርጉ፣ ውሎ ሲያድር ይጣበቃል። ስለቱን በሚሽከረከር የማሽን ድንጋይ አታስስሉ፤ ብረቱ ከጋለ ጥንካሬው ይሄዳል። በእጅ፣ በእርጥብ ድንጋይ፣ በዝግታ። ሌዘርማን የ25 ዓመት ዋስትና ይሰጣል፤ ስለዚህ ውጭ ያለ ዘመድ ካላችሁ የተበላሸውን መልሶ የሚልክላችሁ ሰው አላችሁ ማለት ነው።

ከውጭ ለሚያመጣላችሁ ሰው ደግሞ ይህን ንገሩት። ስለት ያለበት ማንኛውም ነገር በእጅ ሻንጣ አይሆንም። አሜሪካ ፍተሻው ላይ ይወስዱበታል። ወደሚጫነው ሻንጣ ይግባ፣ በጨርቅ ይጠቅለል።

የአክስቴ ልጅ ኮብራዋንና የቢት ካቻቢቴውን ይዞልኝ መጣ። በማግስቱ አንድ ባንክ ሥራ ነበረኝ። በር ላይ ያሉት ጥበቃ ኪሴን ፈትሸው ፒንሳዋን አወጡና አገላበጧት። «ስለት አለው?» አሉኝ። «የለውም ጋሼ፣ ፒንሳ ብቻ ነች» አልኳቸው። አፏን ከፈት ዘጋ አድርገው አዩና መለሱልኝ። «በል ግባ፣ ኔትወርኩ ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ ሰዉ ተሰልፎ ነው ያለው» አሉኝ።