በእጅ የተሠራ አውሮፕላን ሞተር ሲግል፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ ላይካሚንግ ኦ-320 ወይም ኦ-360 ሞተር ያላቸውን፣ ባለቤቶቻቸው ራሳቸው የገጣጠሟቸውን ትንንሽ አውሮፕላኖች ይመለከታል። ዴንቨር አካባቢ በምሠራባቸው ሀንጋሮች የማየው በብዛት እነሱን ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፣ እንደ መኪና ውሃ የለውም። ጌጁ ትክክል መሆኑን፣ ዘይቱ መሙላቱን፣ አየር ማስገቢያው ውስጥ ወፍ ጎጆ አለመሥራቷን አይታችኋል ብዬ እጀምራለሁ።

ቅድሚያ ለቁጥሮቹ። ለቴስታታ፣ ማለትም ለሲሊንደሩ ራስ፣ የተፈቀደው ጣሪያ 500 ዲግሪ ፋራናይት (260 ሴልሺየስ) ነው። ይህ ግን የመጨረሻው ቀይ መስመር ነው፣ እዚያ ላይ አይበረርም። ሞተሩ ዕድሜ እንዲኖረው ፋብሪካው ራሱ በፈጣን ጉዞ ከ435 በታች፣ በቁጠባ ጉዞ ከ400 በታች ይመክራል። እኔ 400 ሲያልፍ ምክንያቱን መፈለግ እጀምራለሁ። ዘይት 180 አካባቢ ሲሆን ጥሩ ነው። የዘይት ቀይ መስመር 245 ነው።

ምልክት፦ ወደ ላይ ሲወጣ አራቱም ሲሊንደር ይግላል፣ ዘይቱም ይከተላል

ደጋግሜ የማገኘው ይህንን ነው። ምክንያቱም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ አየር ያመልጣል።

አየሩ ከፊት በሁለቱ ቀዳዳዎች ይገባል። ከሞተሩ በላይ ታምቆ ግፊት ይፈጥራል። ከዚያ በሲሊንደሮቹ ስስ ቅጠሎች፣ ማለትም በፊኖቹ መካከል ወደ ታች ይወርድና ሙቀቱን ይዞ በኋላ በኩል ይወጣል። ላይና ታችን የሚለያዩት ላሜራዎች ባፍል ይባላሉ። በባፍሉና በኮፈኑ መካከል ያለውን ክፍተት የሚዘጋው የሲሊኮን ጎማ ነው። ጎማው አንድ ቦታ ላይ ከተጠቀለለ አየሩ በጠባቡ የፊኖች መንገድ መሄዱን ትቶ በክፍቱ ይሾልካል። ገባ፣ ወጣ፣ ምንም አላቀዘቀዘም።

ኮፈኑን አውልቁና ውስጡን እዩት። ጎማው የሚያርፍበት ቦታ ላይ የተወለወለ ጥቁር መስመር አለ። መስመሩ የተቋረጠበት ሁሉ ክፍተት ነው። ከዚያ ኮፈኑን መልሳችሁ ግጠሙ፣ የሀንጋሩን መብራት አጥፉ፣ ከታች በመውጫው ባትሪ አብሩና ከፊት ተመልከቱ። በፊኖቹ መካከል ከሚመጣው በቀር ሌላ ብርሃን መታየት የለበትም።

ጎማው መታጠፍ ያለበት ወደ ውስጥ፣ ግፊት ወዳለበት ነው። እንዲህ ሲሆን ግፊቱ ራሱ ከኮፈኑ ጋር ያጣብቀዋል። ወደ ውጭ ከታጠፈ ግፊቱ ይከፍተዋል። ዘይት ቀይረው በጥድፊያ ኮፈን የሚገጥሙ ሰዎች ይህን አያዩም። እባካችሁ በገጠማችሁ ቁጥር በፊት ቀዳዳ እጃችሁን አስገብታችሁ ጎማውን ዳስሱት።

አንድ ጋሼ የምንለው ሰው በየበጋው ዘይቱ 230 ይደርስበት ነበር። ትልቅ የዘይት ማቀዝቀዣ ገዛ። አልሆነም። «ወንድሜ፣ አየር መግቢያው ጠቦት መሰለኝ፣ ልቆርጠው ነው» ብሎ ደወለልኝ። መጋዙን እንዲያስቀምጥ ለምኜው ሄድኩ። ማቀዝቀዣው የተንጠለጠለበት የኋላ ባፍል ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። አዲሱ ማቀዝቀዣ ከባድ ስለሆነ ስንጥቁን አብሶታል። ባፍሉና የሞተሩ ገላ በሚገናኙበት ደግሞ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ስንጥቁን በላሜራ ደርበን በሪቬት መታነው፣ ክፍተቱን ሙቀት በሚችል ሲሊኮን ደፈንነው፣ ጎማውን ቀየርነው። የድሮውን ማቀዝቀዣ መልሶ ገጠመ፤ ዘይቱም ረጋ።

ሌላው ከመነዳሪ ቆርጦ ጎማ ያደረገ ነው። በዚያ ሙቀት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ይህን ያህል ዓመት ለፍቶ አውሮፕላን የሠራ ሰው እዚህ ላይ ለምን እንደሚቆጥብ አይገባኝም። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን የቤት ሲሊኮንም አትጠቀሙ፣ አሉሚኒየም ይበላል።

ከሲሊንደሮቹ ሥር ያሉትን ላሜራዎችም አትርሱ። ፊኖቹን ጥብቅ አድርገው ካልያዙ አየሩ የሲሊንደሩን ሆድ ሳይነካ ያልፋል።

ምልክት፦ አንድ ሲሊንደር ብቻ ይግላል

ሦስተኛው፣ ማለትም የኋላ ቀኙ ከሆነ የኋላ ጎኑን እዩ። እዚያ ፊኖቹ አጫጭር ናቸው። ባፍሉ ከተለጠፈባቸው አየር መውረጃ የለውም። በባፍሉና በሲሊንደሩ መካከል ሮንዴላ አስገብታችሁ ትንሽ አርቁት። ሮንዴላ ርካሽ ነው፣ ለውጡ ግን ወዲያው ጌጁ ላይ ይታያል። በፊኖቹ መካከል ከፋብሪካ የቀረ የብረት ትርፍ ካለም በቀጭን ሞረድ አጽዱ።

ሌላ ሲሊንደር ከሆነ የመምጠጫ ቱቦው ጓርኒሲዮን አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል።

ሌሎች ምልክቶች

ቴስታታው ግሎ የጭስ ማውጫው ሙቀት ከወረደ ታይሚንጉ፣ ማለትም ሻማው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ፣ ቀድሟል። ሞተሩ ላይ ባለው ሰሌዳ የተጻፈውን ዲግሪ ተከተሉ። ሙሉ ጋዝ ላይ ሁለቱም ከጋሉ ካርቡራተሩ ነዳጅ እያነሰው ነው። ዘይቱ ብቻ ከጋለ ቨርናተርሙን፣ ማለትም ዘይቱ ሲሞቅ ወደ ማቀዝቀዣው የሚልከውን ቫልቭ፣ ፈትሹ፤ በደንብ ካልተቀመጠ ዘይቱ ማቀዝቀዣውን እየዘለለ ይዞራል። አዲስ ሲሊንደር በመጀመሪያ ሰዓታት ቢሞቅ የሚጠበቅ ነው።

ምልክት፦ ሰፈር ውስጥ ደህና ነው፣ ረጅም ጉዞ ላይ ይግላል

የዴንቨሩ ሴንቴኒያል ኤርፖርት 5,885 ጫማ ላይ ነው። የአዲስ አበባው ቦሌ ከዚህም ከፍ ይላል። እንዲህ ያለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የሚወስድ አየር ያንሳል። ነዳጅና ሻንጣ ሞልታችሁ በሐምሌ ቀትር አትነሱ፣ በጠዋት ተነሱ። ከተነሳችሁ በኋላ አፍንጫውን ዝቅ አድርጋችሁ ፍጥነት ጨምሩ። እንደ አርቪ ላሉት፣ በባለቤት ለሚገጣጠሙ ፈጣን አውሮፕላኖች፣ በ120 ኖት መውጣት ጥሩ ነው፤ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ግን አየር ይገባዋል። ሚክስቸሩን፣ ማለትም የነዳጅና የአየር ድብልቁን፣ ቶሎ አታቅጥኑ። ቅዝቃዜ ፍለጋ ከ12,500 ጫማ በላይ ከ30 ደቂቃ በላይ ከቆያችሁ ደግሞ ሕጉ ፓይለቱ ኦክስጅን እንዲጠቀም ያስገድዳል።

ሐምሌ ላይ ወደ ኦሽኮሽ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ወደሚደረገው ትልቅ የአውሮፕላን ትርኢት የምትሄዱ፣ ከሪፖን ከተማ ወደ ፊስክ መንደር በ90 ኖት፣ በ1,800 ጫማ ተሰልፋችሁ ትገባላችሁ። ዝግ ያለ በረራ፣ ሞቃት ቀን፣ ከዚያ መሬት ላይ ረጅም ወረፋ። ባፍሉ የሚፈተነው እዚያ ነው። ስትቆሙ አፍንጫውን ወደ ነፋስ አዙሩ። ሞተር እንዳጠፋችሁ የዘይት መፈተሻ በሯን ክፈቱ፣ የታመቀው ሙቀት ይውጣ። በመኪና ቤንዚን የምትበሩ ሙቀቱ እስኪወጣ ካልጠበቃችሁ ነዳጁ ቱቦ ውስጥ ይፈላል፣ ስትነሱም ሞተሩ ያንቀጠቅጣል። ካንቀጠቀጠ አትነሱ። አጥፉና ጠብቁ።