ለሕክምና ጆርናል ከመላካችሁ በፊት ዋቢዎቹን እንዲህ ፈትሹ

ሐረርና ድሬዳዋ ሆናችሁ የምርምር ጽሑፍ ልትልኩ ለተዘጋጃችሁ፦

ብዙዎቹ የሕክምና ጆርናሎች የሚጠቀሙት ቫንኩቨር የሚባለውን፣ ዋቢን በቁጥር የሚጠቅሰውን ስልት ነው። ቁጥር የሚሰጠው በፊደል ተራ ሳይሆን ዋቢው መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቅደም ተከተል ነው። ሰንጠረዥ ውስጥ ብቻ ያለ ዋቢም ተራውን የሚያገኘው ሰንጠረዡ በጽሑፉ መጀመሪያ ከተጠቀሰበት ቦታ ነው፤ ይቺን ብዙ ሰው ይስታታል።

ትልቁ ጣጣ ስም ነው። የእኛ ሰው አንዱ ጽሑፍ ላይ በአባቱ፣ ሌላው ላይ በአያቱ ስም ተመዝግቦ ይገኛል። ለማስተካከል አትሞክሩ፤ ፐብሜድ (የሕክምና ጽሑፎች የመረጃ ቋት) ላይ እንዳለ ተዉት፣ አንባቢ ፈልጎ የሚያገኘው በዚያ ነውና።

የመሥሪያ ቤት ስም ደግሞ ሌላ ነው። «የሐረሪ ክልል ጤና ቢሮ»ን በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ዞተሮ (ዋቢ መያዣ ሶፍትዌር) ውስጥ በሁለት ሳጥን ከፍላችሁ ካስገባችሁ «ቢሮ» የአባት ስም ሆኖ ቁጭ ይላል፣ የቀረው ወደ ምህጻረ ቃል ይቀየራል። ከስሙ ጎን ያለችውን ምልክት ተጭናችሁ አንድ ሳጥን አድርጉት። ኢንድኖት በሚባለው ሌላ ሶፍትዌር ላይ ከሆነ የስሙ መጨረሻ ላይ ኮማ ጨምሩ።

ዓመተ ምሕረትም አይረሳ። የመስከረም 2015 ሪፖርት በጎርጎርዮስ 2022 ነው። እንዳለ ካስገባችሁት ሰባት ዓመት አስረጃችሁት ማለት ነው።

በአንድ ዋቢ ላይ የሚዘረዘረው የደራሲ ብዛት እንደ ጆርናሉ ይለያያል፤ መመሪያውን እዩ። ዋቢዎቹን ከሶፍትዌሩ አላቃችሁ ተራ ጽሑፍ ከማድረጋችሁ በፊት ግን የፋይሉን ቅጂ አስቀምጡ፤ አለዚያ ገምጋሚው አንድ ዋቢ ጨምሩ ካለ ቁጥሩን ሁሉ በእጅ ልትቀይሩ ነው።