ባዶ ከረጢት ይዞ ላለመመለስ፦ ጣና ዳር በመንጠቆ ዓሣ ማጥመድ

ከባሕር ዳር ወይም ከመራዊ አራት አምስት ሆነው ጣና ዳር ወርደው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱ ጓደኛሞች፣ ከመሃላቸው አንዱን «ገደ ቢስ» ብለው ያርፋሉ። እሱን ከማማት በፊት መንጠቆውን፣ ሰዓቱንና የቆሙበትን ቦታ ማየት ይሻላል።

መጀመሪያ የትኛውን ዓሣ እንደምትፈልጉ ወስኑ። ቀረሶ ደንገልና ሣር ባለበት፣ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ይውላል። አምባዛ ጭቃማ ወለል ይወዳል፤ የሚንቀሳቀሰውም ሲመሽ ነው። ነጭ ዓሣ ከሚባሉት ውስጥ ብዙዎቹ ትናንሽ ዓሦችን አሳደው የሚበሉ ስለሆኑ ሊጥ ቢሰቅሉላቸው ዞር ብለው አያዩም። በአንድ መንጠቆ ሦስቱንም የሚመኝ አንዱንም አያገኝም። ለጀማሪ ቀረሶ ይበቃል።

ዘንጉ የደረቀ ቀርከሃ ይሁን፤ እርጥቡ ይከብዳል፣ ጎብጦም ይቀራል። ርዝመቱ ከ3 ሜትር አይነስ። ቀረሶ ያለበት ደንገል ውስጥ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣም ይኖራል፤ ስለዚህ ሱሪ ሰብስቦ ውኃ ውስጥ ከመግባት ዘንግ ማስረዘም ይሻላል። ክሩ 0.25 ወይም 0.30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ናይሎን፣ መንጠቆው 6 ወይም 8 ቁጥር ይሁን። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ አትርሱ፤ ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ አስቦ ትልቁን ይገዛል፣ የቀረሶ አፍ ደግሞ ትንሽ ነው። ከመንጠቆው 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ አተር የምታህል እርሳስ እሰሩ። ከአሮጌ ሸበጥ የተቆረጠ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ቁራጭ ለተንሳፋፊነት ይሆናል። ከዚያ ከተለቀ ዓሣው ሲጎትት ክብደቱ ይሰማውና ይተፋዋል። ተንሳፋፊውን ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ምግቡ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ እንዲንጠለጠል አስተካክሉ።

ቋጠሮው ላይ አትቸኩሉ። ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፋችሁ በራሱ ላይ 5 ወይም 6 ጊዜ ጠምዝዙ። ጫፉን ወደ ኋላ መልሳችሁ ቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ቀለበት አስገቡ፤ በምራቅ አርጥባችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ደረቁን ከሳባችሁት ናይሎኑ ሲፋተግ ይሞቅና ይደክማል፤ ትልቁ ዓሣ የመጣ ጊዜ የሚበጠሰው እዚያው ላይ ነው። ትርፉን 3 ሚሊ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ።

የምድር ትል በክረምት የትም ይገኛል፤ በበጋ ግን መሬቱ ሲደርቅ ወደ ታች ስለሚወርድ ጠዋት ሐይቅ ዳር ደርሶ መቆፈር ጊዜ መጨረስ ነው። ማታውኑ እጣቢ ውኃ ከሚፈስበት ወይም ከቆየ የከብት እበት ሥር ለአንድ ሰው 20 ያህል ልቀሙ፤ እርጥብ አፈር ባለበት ጣሳ አድርጋችሁ ከፀሐይ አርቁት። ትል ከጠፋ የስንዴ ሊጥ አጠንክሮ አቡክቶ አተር አተር አሳክሎ ማድቦልቦል ነው። ሊጡ ከቀጠነ ውኃው ያሟሟውና ባዶ መንጠቆ ስትጠብቁ ትውላላችሁ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ተንሳፋፊውን ያንገላታዋል። ታንኳ የሚይዝ ሰው ከዚያ በፊት ወደ ዳር ይመለስ። በክረምት ግልገል ዓባይ ጭቃ ይዞ ስለሚገባ በአፉ አካባቢ ውኃው ይደፈርሳል፤ በዓይኑ የሚፈልግ ዓሣ እዚያ ምግባችሁን አያየውም። ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ ነጭ ዓሣ እንቁላል ሊጥል ወደ ወንዞች ይወጣል፤ ያን ጊዜ የወንዝ አፍ መዝጋት የከርሞውን ዓሣ መጨረስ ነው።

ጓደኞች በብዛት የሚያበላሹት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ኮቴ ነው። ዓሣ በመሬት የሚተላለፍ ንዝረት ስለሚሰማው ዳር ላይ መሯሯጥ፣ ድንጋይ መወርወርና ጥላን ውኃው ላይ መጣል ያሸሸዋል። ወሬው ራሱ ያን ያህል አይጎዳም፤ ቁጭ ብላችሁ ተጫወቱ። እርስ በርስ በ10 ሜትር ተራራቁ፣ አለበለዚያ ክሩ ይተበተባል። ሁለተኛው ችኮላ ነው። ቀረሶ መጀመሪያ ይለቃቅማል፤ ተንሳፋፊዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ትቆማለች፣ እንደገና ትንቀጠቀጣለች። ያኔ መንጭቆ የሚያወጣ ሰው ትሉ የተበላ መንጠቆ ነው የሚያገኘው። ተንሳፋፊዋ ወደ ጎን ሄዳ ስትሰምጥ ዘንጉን በእጅ አንጓ ብቻ ከፍ ማድረግ ይበቃል።

አምባዛ የፈለገ 0.50 ሚሊ ሜትር ክር፣ 2/0 የሚባለውን ትልቅ መንጠቆና የዶሮ አንጀት ይያዝ፤ ያለ ተንሳፋፊ ወለሉ ላይ ያሳርፈው። ሲይዝ ከሁለቱ የጎን እሾሆች ተጠንቅቆ ከኋላቸው ይጨብጠው። ከውኃ ወጥቶም አየር እየሳበ ብዙ ስለሚቆይ ሞቷል ብሎ እጅን አፉ ውስጥ መክተት አያዋጣም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ግን ሲመሽ ጉማሬ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል። በእሱና በውኃው መሃል አትቁሙ፤ ያንን አካባቢ ለማታ አትምረጡት።

ምንም አልያዝ ሲል ከመሃላችሁ አንዱ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ መጨመርን ሊያነሣ ይችላል። እምቢ በሉት፤ መርዙ ጫጩቱንም ትልቁንም አብሮ ነው የሚፈጀው።

እስከ 4 ሰዓት ካልቀናችሁ ታንኳቸውን ወደ ዳር ካስጠጉ አጥማጆች ግዙ። ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገልጣችሁ ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ መሆኑን እዩ፤ ወደ ቡናማ ከሄደ ወይም ዓይኑ ከጎደጎደ አድሯል፣ ተዉት። የተገዛውንም ሆነ የተያዘውን እዚያው አንጀቱን አውጥታችሁ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ለዚህ ቢላዋ ያስፈልጋል፤ ማን እንደሚይዝ ማታውኑ ካልተነጋገራችሁ ሁሉም ሌላው ይይዛል ብሎ ነው የሚመጣው።